ሞተር ሳይክል በሚያበራ ቀለም ሲቀባ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጨለማ የሚያበራ ቀለም ውድ ነው፤ ሲበላሽም እላዩ ላይ በመደረብ ብቻ አይስተካከልም። ከክሊር (ቀለም አልባ ቫርኒሽ) ጋር የሚቀላቀለው አብሪ ዱቄት «አላበራም» ተብሎ ቢወቀስም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት የለበትም፤ ችግሩ ከሥሩ ያለው ቀለምና አቀባቡ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ዓይነቱን ሳይለዩ መግዛት ነው። ፍሎረሰንት ቀን ላይ ዓይን ይስባል፣ ጨለማ ውስጥ ግን ምንም የለውም፤ ፀሐይም ቶሎ ታደበዝዘዋለች። አንጸባራቂ ቀለም የሌላ ተሽከርካሪ መብራት ሲያርፍበት ብቻ ይታያል። ብርሃን አጠራቅሞ በጨለማ የሚለቀው ፎስፎረሰንት ነው። ከእሱም ቢሆን የድሮውን ዚንክ ሰልፋይድ ትተው ስትሮንቲየም አሉሚኔት ይጠይቁ፤ እጅግ ይደምቃል፣ ለሰዓታትም ይቆያል። ጠንካራ ብርሃን የሚሰጡት አረንጓዴውና ውሃ ሰማያዊው ናቸው። ቀዩና ብርቱካናማው ደካማ ስለሆኑ ገንዘብዎን አያባክኑባቸው።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሥራ የሚያበላሸውም ይኸው ነው፦ በጥቁር ወይም በጠቆረ ቀለም ላይ መቀባት። የሚያበራው ሽፋን ብርሃን ያሳልፋል። ከሥሩ ጥቁር ካለ ግማሹን ብርሃን ይውጠዋል፤ ነጭ ካለ ግን ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ስለዚህ ታንከሩን ወይም ፓራፋንጎውን በ400 ብርጭቆ ወረቀት አሽተው፣ ፕራይመር (ቀለሙን የሚያስይዝ የመጀመሪያ ሽፋን) ቀብተው፣ ምንም ጥላ እስከማይታይ ድረስ ንጹሕ ነጭ ይርጩበት።

ከዚያ ቅልቅሉ አለ። ለ100 ግራም ክሊር ከ25 እስከ 30 ግራም ዱቄት ይበቃል። ክሊሩ በቲነር የሚቀጥን፣ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው ይሁን፤ ያልተሸፈነ ስትሮንቲየም አሉሚኔት ውሃ ሲነካው ይበላሻል። በብረት አያማስሉ። ዱቄቱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ብረቱን ይፍቃል፣ ቅልቅሉም ይጠቁራል፤ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይጠቀሙ። ከባድ ስለሆነም ደቂቃ ሳይቆይ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ስለዚህ እየረጩ ሳለ የቀለም መርጫ ሽጉጡን ደጋግመው ያወዛውዙ። የሽጉጡ አፍንጫ ከ1.8 እስከ 2 ሚሊሜትር ይሁን፣ ደቃቁን ወንፊትም ያውጡለት፤ አለበለዚያ ዱቄቱ ወንፊቱ ላይ ይቀርና የሚረጨው ክሊሩ ብቻ ይሆናል።

አንድ ወይም ሁለት ዙር ብቻ ረጭቶ መተው ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። ከአራት እስከ ስድስት ዙር ያስፈልጋል፤ በየዙሩ መካከል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ዱቄት የሌለበት ክሊር ከላይ ከመደረቡ በፊት ክፍሉን አጨልመው ይፈትሹት፦ በባትሪ ብርሃን ያጠግቡትና ያጥፉት። የታንከሩ ጠርዝና እጥፋቱ ደብዝዞ፣ መሐሉ ደምቆ ከታየ ጠርዙ ሳስቷል ማለት ነው። የማስተካከያው ጊዜ ያኔ ነው።

የሚያበራውን ሽፋን ራሱን አያሹት። ሲታሽ የዱቄቱ መከላከያ ይፈርስና እርጥበት ይገባዋል። ሸካራነቱን ለማለስለስ መጀመሪያ ሁለት ዙር ክሊር ይደርቡ፣ ሲደርቅ ክሊሩን ብቻ በ800 ወረቀት ያሹ፣ እንደገናም ክሊር ይስጡት። ጭስማ (የጠቆረ) ክሊር ግን አይሆንም፤ ቀለሙ ብርሃን እንዳያጠራቅም ይከለክላል።

ቦታም ይምረጡ። ማርሚታና የሞተሩ አካባቢ ክሊሩን ያቃጥሉታል። የፍሬን ዲስክ፣ የፊት መብራትና የፍሬቻ መስታወት፣ ታርጋም በፍጹም አይቀቡም። ሄልሜት ላይ ቲነር ያለበት ቀለም ማድረግ የፕላስቲኩን ጥንካሬ ሊጎዳ ስለሚችል አምራቹ ካልፈቀደ አይሞክሩት።

ይህን ቀለም እንደ መብራት መቁጠር ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። አብዛኛው ድምቀቱ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረውን የሚያየው ጨለማ የለመደ ዓይን ነው። በራሱ መኪና መብራት የሚያይ ሾፌር አያስተውለውም። የኋላ መብራቱና አንጸባራቂው በየቦታቸው ይሥሩ።

ሃርድነር ያለበት ክሊር ሲረጭ የጨርቅ ማስክ አይከላከልም። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት አስም ያስይዛል፤ ካርትሪጅ ያለው ማስክ፣ ጓንትና መነጽር አድርገው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ብቻ ይርጩ።