አሮጌ ኦራል ከቀለም በፊት
ግቢያችሁ አሮጌ ኦራል፣ ያ የሶቪየት የጭነት መኪና፣ ከቆመ፣ ቀለሙን ለጊዜው እርሱት። መጀመሪያ የካቢናውን ወለል እዩ። እኔ ያለሁት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው፤ የጣና እርጥበት ብረት አይምርም። ምንጣፉን አንሱና በመዶሻ ኳ ኳ አድርጉ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ድፍን ካለ ወይም ቅርፊት ካራገፈ፣ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጣችሁ ላሜራ አስበይዱ። ስቱኮ ለጥፎ ማለፍ ራስን መሸወድ ነው፤ ክረምት አይሻገርም።

ከብየዳ በፊት ባትሪውን ንቀሉ፤ የነዳጅ ሰልባትዮውንም አውርዳችሁ አርቁት። ኦራል 375 የሚባለው ሞዴል ቤንዚን ነው የሚጠጣው፤ ባዶ ሰልባትዮ ውስጥ የቀረው ትነት ደግሞ ይፈነዳል።

ሞተሩ ለዓመታት ቆሞ ከነበረ ቁልፍ አትንኩ። ስምንቱንም ካንዴላ ፍቱ፣ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጉ፣ አሳድሩትና በእጅ አዙሩት።

ቀለም ጥቅምት ላይ፣ ከአንቲረስት በኋላ። ከኋላ ወንበር የምትገጥሙ ከሆነ ወለሉ ውሃ እንዳይቋጥር መውረጃ ብሱለት።