ተራራ ሥር ወዳለ የባሕር ዳርቻ ልትሄዱ ነው?

በተራራ የተከበበ ጸጥ ያለ የባሕር ወሽመጥ ላይ ለማረፍ ካሰባችሁ፣ ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ካርታውን እዩ። ተራራው በምዕራብ በኩል ከሆነ ፀሐይ ቶሎ ትደበቃለች። ሌላው ቦታ ገና ብርሃን ሳለ የእናንተን አሸዋ ጥላ ይወርሰዋል።

ለመዋኘት ጠዋት ይሻላል። ብዙ ጊዜ ውሃው እንደ መስታወት የሚሆነው ያኔ ነው፤ እግራችሁ ሥር ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከቀትር በኋላ የብሱ ሲግል ከባሕሩ ነፋስ ይነሳል። ማታ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ከተራራው ቁልቁል ስለሚወርድ ሹራብ ያዙ።

አንድ ነገር ግን አደራ! ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ዳር ዳሩ ላይ ያለው ውሃ ዝም ያለ ይመስላል። የሚያታልለውም ይሄ ነው። በአየር በተነፋ ፍራሽ ላይ የተኛ ልጅ ሳይታወቅ ወደ ጥልቁ ይገፋል። ባንዲራ ካለ ወዴት እንደሚውለበለብ እዩ። ወደ ባሕሩ ከሆነ ፍራሹም የመዋኛ ጎማውም ውሃ ውስጥ አይግባ። ባዶውን ከሄደባችሁ ተዉት፣ እየዋኛችሁ አትከተሉት። ልጁ ላዩ ላይ ካለ ግን አጥብቆ እንዲይዝና እንዳይወርድ ንገሩት፤ ቶሎ የነፍስ አድን ሠራተኛ ጥሩ።