ፖሊስ የተወውን ሰው ዳኛ እንዴት ተከሳሽ ያደርገዋል? የህንድ አሠራር

አንዲት ህንዳዊት እናት አለች እንበል። ልጇ በሰፈር ጠብ ተገድሎባታል። ለፖሊስ ቃሏን ስትሰጥ የአራት ሰው ስም ጠርታለች። ምርመራው ሲያልቅ ግን ክስ የቀረበው በሦስቱ ላይ ብቻ ሆነ። አራተኛው፣ የሰፈሩ ባለጸጋ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣል።

እኛ አገር ብትሆን የምትሮጠው ወደ ዐቃቤ ሕግ ነበር። ህንድ ውስጥ ግን ዳኛው ራሱ በተጀመረ ክስ ላይ አዲስ ተከሳሽ መጨመር ይችላል። ሥልጣኑ የተሰጠው በ1973ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 319 ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ወዲህ በአዲሱ ሕግ አንቀጽ 358 ሆኗል (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቁጥሩ ተቀየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

መጀመሪያ፣ ማስረጃው ችሎት ፊት መሰማት አለበት። ፖሊስ መዝገብ ላይ ስሙ መኖሩ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መዝገቡ ችሎት የተሰማውን ለማጠናከር ነው የሚያገለግለው። ስለዚህ እናትየዋ ምስክር ሆና ስትቀርብ ጠንቀቅ ማለት አለባት። «እነሱ ናቸው የገደሉት» ብትል ዳኛው ምንም አይጨብጥም። «እሱ በሩ ጋ ቆሞ ነበር፣ ዱላውን ለወንድሙ ያቀበለው እሱ ነው» ካለች ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የተቃራኒው ወገን ጠበቃ ምስክሩን የሚፈትንበት መስቀለኛ ጥያቄ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 በአምስት ዳኞች ባስቻለው ችሎት ይህን ቆርጦታል፤ ምስክሩን የጠራው ወገን መጀመሪያ በሚያቀርበው ዋና ጥያቄ የተሰጠ ቃል ይበቃል።

ከዚያ ማመልከቻ ይጻፋል። ብዙውን ጊዜ የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕጉ ነው። ዳኛው ማንም ሳይጠይቀው በራሱ ተነሳሽነትም ማዘዝ ይችላል። ማመልከቻው አጭር ቢሆን ይሻላል፤ የትኛው ምስክር፣ በየትኛው ቀን፣ ምን እንዳለ ይጥቀስ። ስለ ሰውዬው ክፋት ገጽ ሙሉ ማተት ወረቀት ማባከን ነው።

ዋናው ፈተና እዚህ ጋ ነው። ዳኛው የሚመዝነው በከባድ ሚዛን ነው። አንድን ሰው ክስ እንዲከላከል ለማዘዝ ከሚበቃው ማስረጃ ጠንከር ያለ ይፈልጋል። በሌላ በኩል ጥፋተኛ የሚያሰኝ ሙሉ ማስረጃ አይጠይቅም፤ ገና ነው። በኔ እይታ ይህ ጥብቅነት ልክ ነው። አለዚያ ቂም ያለው ሁሉ የጎረቤቱን ስም እየጠራ ችሎቱን ያጨናንቀው ነበር።

ጊዜን በተመለከተ ቀልድ የለም። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መስመሩን አስምሯል። ተከሳሾቹ በነጻ የሚሰናበቱ ከሆነ፣ አዲሱ ሰው እንዲጠራ የሚያዘው ትእዛዝ ከዚያ ውሳኔ መቅደም አለበት። ጥፋተኛ ከተባሉም ቅጣቱ ከመነገሩ በፊት መሰጠት አለበት። ሁሉም በአንድ ቀን ቢሆን እንኳ መጥሪያው ይቀድማል። ቅጣቱ ከተነበበ በኋላ የመጣ ትእዛዝ አይጸናም። ማመልከቻ ሲቀርብም ችሎቱ የነበረውን ክርክር ገታ አድርጎ መጀመሪያ እሱን ይወስናል።

ዳኛው ከተቀበለው ሰውዬው በመጥሪያ ወይም በእስር ይመጣል። ያን ቀን ነገሩን ሊያይ ችሎት መጥቶ ከነበረ እዚያው ሊያዝ ይችላል። ትእዛዙን ተቃውሞ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ መብቱ ነው። ዳኛውም ከሦስቱ ጋር አብሮ ይዳኝ ወይስ ለብቻው የሚለውን ይወስናል።

የትኛውም ቢሆን በእሱ ላይ ክርክሩ ከዜሮ ይጀመራል፤ ምስክሮችም እንደገና ይሰማሉ። እናትየዋ ያን ቀን የተናገረችውን ሁሉ ዳግም ቆማ ልትናገር ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አራተኛው ሰውዬም ፊት ለፊቷ ተቀምጦ።