በአበባ ሴል ውስጥ ቫይረስ ስትፈልጉ እነዚህን አታድርጉ

ይህን የምጽፈው አንዱን ስህተት ደጋግሜ ስላየሁ ነው። ተማሪዎች ቆጋ መስኖ ይሄዳሉ፣ ቅጠሉ የተዥጎረጎረ ቃሪያ ያገኛሉ፣ አበባውን ቀጥፈው ፌስታል ውስጥ ይከቱታል፣ ከዚያ መራዊ ምሳ ተበልቶ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ ተጠብቆ፣ ባሕር ዳር ሲደርሱ መሽቷል። አበባው ለዓይን ደህና ነው። ሴሉ ግን አልቆለታል! ቫኪዩሉ (የሴሉ የውሃ ከረጢት) ፈንድቷል፣ ሽፋኖቹ ተበጣጥሰዋል፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የምታዩት ፍርስራሽ ብቻ ነው። እባካችሁ፣ ግሉታራልዴሃይዱን (ሴሉ እንዳለ እንዲቆይ የሚያደርገውን ኬሚካል) በአይስ ቦክስ ይዛችሁ ማሳ ድረስ ሂዱ። 2.5 በመቶ፣ በፎስፌት ባፈር (አሲድነቱን በሚያረጋጋ ፈሳሽ)፣ ፒኤች 7.2 አካባቢ። አበባውን እዚያው፣ ፈሳሹ ውስጥ እንዳለ በአዲስ ምላጭ ቁረጡት። ቁራጩ ከ1 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ጓንት አድርጉ፣ ትነቱንም አትማጉ።

የአበባ ቅጠል ላዩ ሰም፣ ውስጡ አየር ስለሆነ ይንሳፈፋል። «ቆይቶ ይሰምጣል» ብላችሁ አትተዉት። የቫኪዩም ፓምፕ ከሌለ ትልቅ ሲሪንጅ ይበቃል፤ ጫፉን በጓንት ጣት ደፍናችሁ እስኪሰምጥ ድረስ ሳብ ለቀቅ አድርጉት።

የጠወለገ አበባ አትውሰዱ። እርጅናው ራሱ ሴሉን ያፈርሰዋል።

ጥቁር ነጥብ ሁሉ ቫይረስ አይደለም። የኪያር ሞዛይክ ቫይረስ 29 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ የሆነው ራይቦዞምም በመጠን ከዚያ ብዙ አይርቅም። ፕላስቲድ (እንደ ክሎሮፕላስት ያለ የሴሉ ክፍል) ውስጥ ተደርድሮ ያስደሰታችሁ ነገር ተክሉ ብረት የሚያከማችበት ፌሪቲን ሊሆን ይችላል። ቁራጩን የምትቀቡበት ማቅለሚያ ሌድ ሲትሬትም ከትንፋሻችሁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ በማይክሮስኮፑ ጥቁር ሆኖ የሚታይ ዝቃጭ ይሠራል፤ የማቅለሚያው ሳህን ላይ አታውሩ፣ አጠገቡም ያንን ጋዝ እንዲመጥ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እንክብል አድርጉ። ከሁሉም በላይ ለማነጻጸሪያ ጤነኛ አበባ አብራችሁ አዘጋጁ። ጤነኛ «የሚመስል» ከዚያው ማሳ አይቀጠፍም፤ ክሽክሽ በማይገባበት መረብ ውስጥ ያደገና በኤላይዛ (ቫይረስን በፀረ-አካል በሚለይ ምርመራ) የተመረመረ ይሁን።

ፖቲቫይረስ (እንደ ክር የሚረዝም የተክል ቫይረስ) ሲሆን ሳይቶፕላዝሙ ውስጥ እንደ መንኮራኩር የተዘረጉ ክንፎች ይታያሉ፣ እነሱን ስታገኙ ልባችሁ ይሞላል፣ የቤተሰቡ መለያ ናቸውና። ግን የቫይረሱን ክር ርዝመት እዚያው ቁራጩ ላይ ለክታችሁ «አጭር ቫይረስ አገኘን» አትበሉ። ከዚሁ ወገን የሆነው የድንች ዋይ ቫይረስ 730 ናኖ ሜትር ይረዝማል፣ ለማይክሮስኮፑ የሚዘጋጀው ስስ ቁራጫችሁ ደግሞ 70 ናኖ ሜትር ገደማ ነው የሚወፍረው። ክሩ ተቆርጧል! ርዝመት የሚለካው ከተክሉ ጭማቂ በኔጋቲቭ ስቴይን (ቫይረሱን ትቶ ዙሪያውን በሚያጠቁር ማቅለሚያ) ነው።

ናሙናው ላይ በእርሳስ ጻፉ፣ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።