ከኒውክሌር ፍንዳታ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ሰዓታት እንዴት ማሳለፍ ይገባል

የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚታየው ከተማን በአንድ ጊዜ የሚያወድመው እሳት ነው። በፍንዳታው እምብርት ላይ ለተገኘ ሰው የትኛውም መመሪያ እንደማይጠቅመው መሸፋፈን አያስፈልግም። ሆኖም ከእምብርቱ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ቤቱ ሳይፈርስ የሚተርፈው ሰው ብዙ ነው፤ የእርሱን ዕጣ በአብዛኛው የሚወስነው ደግሞ በቀጣዮቹ ጥቂት ሰዓታት የሚያደርገው ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚህ ሰው ነው።

ቦምቡ መሬት ላይ ወይም ለመሬት ተጠግቶ ሲፈነዳ እሳቱ አፈርና ፍርስራሽ እየማገ ወደ ላይ ያወጣል። አፈሩ ከራዲዮአክቲቭ፣ ማለትም ጨረራ ከሚያመነጩ፣ ንጥረ ነገሮች ጋር ተቀላቅሎ ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ይጓዝና እንደ አቧራ ወይም እንደ አመድ ይረግፋል። የሂሮሺማው ቦምብ የፈነዳው ከመሬት 600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ ጥቁር ዝናብ ቢዘንብም፣ በአካባቢው የረገፈው ብናኝ በንጽጽር ጥቂት ነበር። የብናኙን ሙሉ አደጋ ለዓለም ያሳየው አሜሪካ ማርች 1 ቀን 1954 እ.ኤ.አ. በማርሻል ደሴቶች፣ በቢኪኒ ላይ ያካሄደችው «ካስል ብራቮ» የተባለው ሙከራ ነው። የፍንዳታው ኃይል 15 ሜጋቶን፣ ማለትም የ15 ሚሊዮን ቶን ቲኤንቲ ፈንጂ ያህል፣ ደረሰ፤ ይህም ከተገመተው ከእጥፍ በላይ ነበር። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በሮንጌላፕ የሚኖሩ ሰዎች ላይ ከሰዓታት በኋላ ነጭ ዱቄት ወረደባቸው፤ ማንም አላስጠነቀቃቸውም ነበርና ልጆች ተጫወቱበት። በአንዲት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ የነበሩ 23 ሰዎችም በዚሁ አመድ ታመሙ፤ የመርከቧ የሬዲዮ ሠራተኛ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሞተ። እነዚህን ሰዎች የጎዳቸው እሳቱም የፍንዳታው የአየር ግፊትም ሳይሆን በቆዳቸው፣ በልብሳቸውና በምግባቸው ላይ ያረፈው ዱቄት እንዲሁም ከእርሱ የሚወጣው ጨረራ ነው።

የሚያጽናናው ነገር የብናኙ ጨረራ በፍጥነት መድከሙ ነው። ባለሙያዎች በግምት የሚጠቀሙበት ስሌት እንደሚለው፣ ከፍንዳታው በኋላ ያለፈው ጊዜ ሰባት እጥፍ በሆነ ቁጥር ጨረራው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በአንደኛው ሰዓት 1,000 የነበረው መጠን በሰባተኛው ሰዓት 100፣ በ49ኛው ሰዓት ማለትም ከሁለት ቀን በኋላ 10፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ 1 ያህል ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ሁሉ ከዚህ ቁጥር የሚወጣ ነው፤ እጅግ አደገኛዎቹን ሰዓታት ከወፍራም ግድግዳ ጀርባ ያሳለፈ ሰው የአደጋውን ትልቁን ክፍል አመለጠ ማለት ነው።

ድንገተኛ ኃይለኛ ብርሃን ከታየ ወደ ብርሃኑ አይመልከቱ፤ ወዲያው በግንባርዎ ተደፍተው ፊትዎንና እጅዎን ይሸፍኑ። ብርሃኑ ወዲያው ሲደርስ ግፊቱ በሰከንዶች፣ ሩቅ ላለ ሰው ደግሞ ከደቂቃ በላይ ዘግይቶ ይደርሳል። በ2013 እ.ኤ.አ. በሩሲያዋ ቸልያቢንስክ ሰማይ ላይ የሰማይ ድንጋይ በፈነዳ ጊዜ ከ1,000 በላይ ሰዎች ቆስለዋል፤ አብዛኞቹን የጎዳው የመስኮት መስታወት ስባሪ ሲሆን፣ ብርሃኑን አይተው ምን እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮት የተጠጉ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ግፊቱ እስኪያልፍ ድረስ ከመስኮት ይራቁ።

ከዚያ በኋላ፣ ከእምብርቱ ራቅ ያለ ሰው ብናኙ መርገፍ እስኪጀምር አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሊኖረው ይችላል። ይህ ጊዜ መጠለያ መግቢያ እንጂ ከከተማ መውጫ አይደለም። 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ኮንክሪት ወይም 9 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ጨረራውን በግማሽ ይቀንሳል፤ ውፍረቱ በተደራረበ ቁጥር ግማሹ እንደገና ይገመሳል። የመኪና ቆርቆሮና መስታወት ግን ይህን ሊያደርጉ አይችሉም፤ በጭንቅንቅ መንገድ ላይ መኪና ውስጥ መቀመጥ ሜዳ ላይ ከመቆም ብዙም አይሻልም። ከሁሉ የሚመረጠው ምድር ቤት ነው፤ እርሱ ከሌለ የትልቅ ኮንክሪት ሕንፃ መካከለኛ ፎቆች፣ ከውጭ ግድግዳ የራቀው የውስጥ ክፍል ይሻላል። ብናኙ የሚያርፈው ጣሪያና መሬት ላይ ስለሆነ የላይኛውና ምድር ላይ ያለው ፎቅ አይመረጡም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በመኪና ማቆሚያዎች የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ከመሬት በታች ያሉት እነዚህ ማቆሚያዎች በከተማዋ ከሚገኙት መጠለያዎች ሁሉ ከተሻሉት መካከል ናቸው። የታክሲ ሹፌሮችም መኪናቸውን ትተው ወደዚያ መውረድ ይገባቸዋል። በእስራኤል ያሉት ደግሞ ከ1991 እ.ኤ.አ. የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ በተሠሩ ቤቶች የሚገኘውን ወፍራም የኮንክሪት ክፍል፣ ማማዱን፣ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ከሆኑም የሰፈሩን የጋራ መጠለያ፣ ሚክላቱን፣ ይጠቀማሉ።

ከገቡ በኋላ መስኮትና በር ይዝጉ፤ ከውጭ አየር የሚስብ ማሽን ካለም ያጥፉ። ቀዳዳውን ሁሉ በፕላስቲክ መጠቅጠቅ ግን አያስፈልግም። እዚህ ላይ በእኛ ቤት ልዩ ማሳሰቢያ የሚያሻው ነገር ከሰል ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቡና ለማፍላት ወይም ለመሞቅ የተቀጣጠለ ከሰል በማይታየው መርዛማ ጋዙ ሰው ይገድላል፤ ከጨረራው ተርፎ በከሰል መሞት የሚያሳዝን ከንቱነት ይሆናል። የማይበስል ምግብ በመምረጥ ችግሩን ማስወገድ ይቻላል፤ ለዚህ ደግሞ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ይበቃሉ። ውኃ በሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ተቆጥሮ አስቀድሞ ይቀመጥ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ምግብ ጨረራ ስላለፈበት ብቻ አይመረዝም፤ የሚያስፈራው ብናኙ ከላዩ ሲያርፍበት ነው። ስለዚህ ቆርቆሮውን ወይም ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው ይክፈቱት።

ብናኙ ሲረግፍ ውጭ የነበረ ሰው ልብሱን በበሩ አጠገብ ያውልቅ፤ የላይኛውን ልብስና ጫማ ማውለቅ ብቻ ከተጣበቀው ብናኝ እስከ ዘጠና በመቶ ሊያስወግድ ይችላል። ልብሱን በፕላስቲክ ቋጥሮ ሰው ከሌለበት ጥግ ያስቀምጥ፤ ገላውን ቆዳውን ሳይፈትግ በሳሙና፣ ፀጉሩን በሻምፖ ይታጠብ። ኮንዲሽነርና የፀጉር ቅባት ግን ብናኙን ከፀጉር ጋር ያጣብቃሉና አይቀቡ። ውኃ ከሌለ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

ስለ አዮዲን ክኒን የሚወራው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ክኒን ፍለጋ ከመጠለያ የሚወጣ ሰው ራሱን ይጎዳል ባይ ነኝ። ክኒኑ፣ ማለትም ፖታሲየም አዮዳይድ፣ የሚከላከለው አንገት ላይ ላለው ለታይሮይድ ዕጢ ብቻ፣ ያውም ከራዲዮአክቲቭ አዮዲን ብቻ ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን ጨረራ አያግድም። ይልቁንም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ስለሚጠቅም የጤና ባለሥልጣናት ሲያዝዙ በታዘዘው መጠን ይወሰድ። የገበታ ጨው በብዛት መብላት ምትኩ አይሆንም።

ከሁሉ የሚከብደው ልጅን ከትምህርት ቤት ለማምጣት አለመውጣት ነው። የወላጅ ልብ ይህን አይቀበልም፤ ነገር ግን በኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ ያለን ልጅ ብናኝ በሚረግፍበት ሰዓት ወደ ደጅ ማውጣት እርሱንም ወላጁንም ለጨረራ ማጋለጥ ነው። በዚያ ሰዓት ስልክ ላይሠራ ስለሚችል፣ ሁሉም ባለበት እንደሚቆይና በኋላ የት እንደሚገናኝ ቤተሰቡ አስቀድሞ ይስማማ። እንግሊዝኛ ወይም ዕብራይስጥ የማያነቡ እናትና አባት ያሉበት ቤት፣ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ምን እንደሚመስልና ሲሰማ ወዴት እንደሚገቡ በተግባር ያሳያቸው።

በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ አይታጣ። በእስራኤል የሬካ ሬዲዮ በአማርኛም ያስተላልፋል። ጃንዋሪ 13 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በሃዋይ ሚሳይል እየመጣ ነው የሚል የስሕተት ማስጠንቀቂያ በስልክ ተላልፎ፣ ስሕተቱ በስልክ እስኪታረም 38 ደቂቃ ወስዷል። ማስጠንቀቂያ ሲደርስ እውነት ይሁን ሐሰት እስኪጣራ መጠለያ ውስጥ መቆየት የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፤ በቴሌግራም የሚዞርን ወሬ ይዞ መውጣት ግን ብዙ ያስከፍላል።

ባለሥልጣናት ውጡ ካላሉ ወይም ሕንፃው በእሳት ወይም በመፍረስ ካላስገደደ በስተቀር ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆዩ። መውጣት ሲፈቀድ የብናኙን መንገድ ተከትሎ ሳይሆን ወደ ጎን አቋርጦ መሄድ ይሻላል፤ አፍና አፍንጫ በነጠላ ወይም በጨርቅ ይሸፈን፣ የሄዱበትም ጫማ ወደ አዲሱ ማረፊያ አይግባ።