የጂሚ ካርተርን የልጅነት እርሻ ሲጎበኙ፦ ከአርቸሪ ይጀምሩ

39ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1924 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተወለዱት ጆርጂያ ውስጥ፣ በፕሌንስ ከተማ ነው። ያደጉት ግን ከከተማዋ በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው አርቸሪ ነው። ብዙ ጎብኚ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጂፒኤስ ላይ «ፕሌንስ» ብሎ ይጽፋል፣ ከተማዋን ሲዞር ይውላል፣ እርሻው ጋ የሚደርሰው ደክሞትና ሰዓት አልቆበት ነው። ስለዚህ መድረሻዎን «ጂሚ ካርተር የልጅነት እርሻ» ብለው ይሙሉ።

ከአትላንታ የሚነሱ ከሆነ በአይ-75 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ይንዱ፣ ኮርዲል ከተማ ላይ በመውጫ 101 ይውጡና በዩኤስ 280 መንገድ ወደ ምዕራብ ይታጠፉ። ጉዞው ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ነዳጅና ምሳ ከፕሌንስ 16 ኪሎ ሜትር በምትቀድመው አሜሪከስ ቢጨርሱ ይሻላል። በአንዳንድ ቀናት ከኮርዲል የሚነሳ የጎብኚዎች ባቡር አርቸሪም ይቆማል። ነገር ግን የሚቆመው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ እርሻውን በእርጋታ ለማየት የራስ መኪና ይመረጣል።

መግቢያው በነጻ ነው። የሚከፈትበት ሰዓት ስለሚለዋወጥ በዋዜማው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎትን ድረ ገጽ ይመልከቱ። በአሜሪካ የበጋ ወራት (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፣ ጥላውም ጥቂት ነው። ውሃና ባርኔጣ ይያዙ። ሣሩ ውስጥ የሚናደፉ ቀይ ጉንዳኖች ስላሉ በነጠላ ጫማ አይሂዱ።

ለእርሻው ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይመድቡ። ቤተሰቡ በ1928 ከገባበት መኖሪያ ቤት ይጀምሩ። የቧንቧ ውሃ የገባው በ1935፣ መብራት ደግሞ በ1938 ነው። መታጠቢያ ክፍሉን ሳያዩ አይለፉ፤ አባትየው የባልዲ ቂጥ በምስማር በስተው ሻወር ያደረጉት እዚያ ነው። ውሃው የሚመጣው በነፋስ ኃይል ከሚሠራው ፓምፕ ነበር። ግቢው ውስጥ የተተከሉትን ቁልፎች ሲጫኑ ካርተር በገዛ ድምፃቸው ይተርካሉ። አንዱ ሳያልቅ ወደ ሌላው አይሂዱ፤ ቤቶቹ ያለ ትረካው ባዶ እንጨት ሆነው ነው የሚታዩት።

ከዚያ የአባትየውን ሱቅ፣ የብረት ቀጥቃጩን ቤትና የበቅሎዎቹን ጋጥ አይተው እስከ ጃክና ሬቸል ክላርክ ቤት ይዝለቁ። ብዙ ሰው ከጋጡ ይመለሳል፣ ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው። ክላርኮች በእርሻው የሚሠሩ ጥቁር ባልና ሚስት ነበሩ፤ ወላጆቹ ሲርቁ ልጁ ጂሚ እዚያ ወለል ላይ ተነጥፎለት ያድር ነበር። ዘር በሕግ በተለየበት ዘመን አንድ ነጭ ልጅ በማን እጅ እንዳደገ የሚገባዎት የሁለቱን ቤቶች ስፋትና ዕቃ ሲያነጻጽሩ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፕሌንስ ይመለሱ። ካርተርና ባለቤታቸው ሮዛሊን የተማሩበት ትምህርት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ትንሿ የባቡር ጣቢያ ደግሞ የ1976ቱ የምርጫ ዘመቻ ጽሕፈት ቤት ነበረች፤ የተመረጠችውም መጸዳጃ ቤት ስለነበራት ነው። ለጣቢያዋ ሃያ ደቂቃ ይበቃል።