አቡጀዲን በሸብና በሳሙና ውኃ እንዳያስገባ ማድረግ

ጥጥ ውኃ መጠጣት ተፈጥሮው ነው፤ ቃጫው የተሠራበት ሴሉሎስ ውኃ በሚስቡ የሃይድሮክሲል ቡድኖች የተሞላ ነው። የወረቀት ፋብሪካዎች ኤኬዲ በሚባል ኬሚካል እነዚህን ቡድኖች ከቅባታማ ሞለኪውል ጋር ያያይዟቸዋል። ለቤት ግን ሸብና የልብስ ሳሙና ይበቃሉ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈጠረው አሉሚኒየም ስቴሬት ውኃ ስለማያሟሟው ቃጫው ላይ ይቀራል። በጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ ጭነት ላይ ለሚጣል ሽፋንም ሆነ ለብስክሌት ኮርቻ ጥሩ ነው። ደንገሉን ራሱን ግን አያድነውም፤ የደንገል አገዳ ውስጡ ስፖንጅ ስለሆነ ታንኳው ያው ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ አለበት።

ሥራው በግንቦት ቢያልቅ ይመረጣል። ክረምቱ ከገባ ጨርቅ በወጉ አይደርቅም።

ሲደርቅ ግማሽ ኪሎ ለሚመዝን አቡጀዲ 120 ግራም ድፍን የልብስ ሳሙና፣ 100 ግራም የተወቀጠ ሸብ፣ ለየብቻቸው 3 ሊትር ውኃና ሁለት የፕላስቲክ ባልዲ ያስፈልጋል። ሸብ አሲድነት ስላለው የብረት ባልዲ ዝገት ያወጣል፤ ጨርቁ ላይ ያረፈ የዝገት እድፍ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ኦሞ የምንለው ዱቄት ሳሙና እዚህ ቦታ የለውም፤ ከሸብ ጋር የማይሟሟ ነገር አይሠራም፣ ይባስ ብሎ ውኃ ወደ ጨርቁ እንዲገባ ያግዛል። ከሐይቁ የተቀዳ ድፍርስ ውኃም አይሆንም፤ ሸቡ ደለሉን በማርጋት ያልቃል፣ ጭቃውም ጨርቁ ላይ ይቀመጣል። የዝናብ ወይም የቧንቧ ውኃ ይሁን።

መሰፋት ያለበት ነገር አስቀድሞ በጥጥ ክር ይሰፋ። አዲስ አቡጀዲ የፋብሪካ ስታርች ስላለበት በሳሙና ቀቅለው ያጥቡት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ቅቀላውን አያሳጥሩት፣ አንድ ሰዓት ይቆይ። አለቅልቀው ካደረቁ በኋላ የውኃ ጠብታ ያንጠባጥቡበት። ወዲያው ካልሰረገ ስታርቹ አልለቀቀም ማለት ነው፤ እንደገና ይቀቀል። አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሳሙናውን ፍቀው በሙቅ ውኃ ያሟሙ። 60 ዲግሪ ሲሆን፣ ማለትም ሳይፈላ እጅ የማይችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ ጨርቁን ነክረው 15 ደቂቃ በእንጨት ያገላብጡት። ጭምቅ አድርገው ሳያለቀልቁ ጥላ ላይ ያስጡት። እርጥበት ብቻ ሲቀረው ለብ ባለው የሸብ ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ያቆዩት። ዓይንዎን ይጠብቁ፤ እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ያድርጉ።

ሁለቱን ውኃዎች አንድ ባልዲ ውስጥ መቀላቀል ጊዜ አይቆጥብም፤ እንደ አይብ የረጋ ነጭ ነገር ይንሳፈፍና ቃጫው ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።

ጨርቁ ሲደርቅ በንጹሕ ውኃ አንዴ ያለቅልቁት። የቀረው አሲድ በካውያ ሙቀት ሴሉሎሱን ስለሚያደክም ይህን መዝለል የለብዎትም። ደግሞ ሲደርቅ በጋለ ካውያ ይተኩሱት፤ ሙቀቱ ልባሱን ቃጫው ላይ ያዳርሰዋል።

ጠብታው ኳስ ሆኖ ከተንከባለለ ሆኗል። ተንጣሎ ከሰረገ ብዙውን ጊዜ ሸብ ያላገኘው ትርፍ ሳሙና ነው፤ አዲስ የሸብ ውኃ ውስጥ 20 ደቂቃ መልሰው ይንከሩት። ነጭ ዱቄት ከታየ ጨርቁ በደንብ አልተጨመቀም ነበር፤ በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል። በስፌቱ ቀዳዳ ውኃ ካስገባ ሻማ አሽተው በካውያ ያቅልጡበት።

ጨርቁ ተዳፋት ሆኖ ይወጠር። መሐሉ ከረገበና ውኃ ካቆረ፣ የውኃው ክብደት ራሱ ጠብታውን በሽመናው መካከል ይገፋዋል። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ይታጠብ፤ በሳሙና ከታጠበ ከነከራው ጀምሮ መድገም ነው።